ሁለት ክንድ ከጋት

ከባሕር ዳር ወጣን ጎህ ሳይቀድ ማለዳ፣
ደንገል እየገፋን፣ እግር እየከዳ፤
እኔና አንሙት፣
በየትከሻችን ላይ ካሜራ፣ ባለ ሦስት እግር ብረት፣
ከስድስት ዓመት በፊት ወደ መጣንበት፣
ሐይቁን ተደግፎ ወደ ቆመው ቤት።

መዝገብ ቤት ነበረ፣ በሰፈራው ዘመን፤
ከወሎ የመጣ ሰው በመኪና ተጭኖ፣
ስም ሰጥቶ፣ ተመዝኖ፣
ቁጥር አንገቱ ላይ ታስሮለት
ወደ ቆላው የሚያልፍበት።
መስኮቱ ሦስት ነው፤ በላዩ በቀይ ቀለም፦
«ስም»፣ «ሚዛን»፣ «እህል»።
አራተኛ የለም።

ያኔ ስንመጣ ፍርስራሽ ያማረን ልጆች ነበርን፤
የተላጠ ኖራ፣ የዛገ ማጠፊያ ልባችንን የሚያዘልል።
«አንሙት፣ ብርሃኑን!» ስል፣
«አየሁት፣ አትንቀሳቀሺ!» ሲል፤
በጣራው ቀዳዳ የገባችው ጮራ
ግድግዳው ላይ ወርዳ ኖራውን ስታበራ፣
ሠላሳ ስምንት ጊዜ ጠቅ አደረግናት፣
ጥላዋን፣ አቧራዋን፣ ሁሉን ለቀምናት።
ከተማ ወስደን ሰቀልናት፤ ተጨበጨበላት።
«ዝምታ» ብለን ርእስ አወጣንላት።

በዚያው ምሽት ነው፣
ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ መብራት ሊጠፋ ሲል፣
ዚነት የምትባል ዓሣ ሻጭ፣
የቆሮሶ ቅርጫቷን በር ላይ አስቀምጣ
ፎቶው ፊት የቆመችው፣ አፍንጫዋን አስጠግታ።
ጣቷን መስተዋቱ ላይ አሳረፈች።
«እዚህ ጋ» አለች።
«እዚህ ጋ፣ ከመስኮቱ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ክንድ ከጋት፣
ወንድሜን ይመርን አባቴ አቁሞት
በሚስማር ጫረ። ‹ስንመለስ እለካሃለሁ፤
ስንት ጣት እንዳደግህ እናያለን› አለው።
አልተመለስንም።
ይመርም አላደገ።»

ፈለግን፤ ሠላሳ ስምንቱንም፣ አስፍተን፣ አቅርበን።
ጮራዋ ጥርት ብላለች፤ አቧራው ይቆጠራል።
ጭረቱ ያለበት ግን
ደብዝዟል።
እኛው ነን ያደበዘዝነው፣
ብርሃን ብርሃን ስንል ግድግዳውን ሳናየው።

«አብረሽን ነይ» አልናት።
ቅርጫቷን አነሳች፦
«እናንተ ሂዱ፣ ልጆቼ። እኔን አንዴ ቆጥረውኛል።»

ዛሬ ይኸው መጣን።
ጣራው የለም፤ ቆርቆሮው ማዶ ጋጣ ሆኗል።
«ሚዛን» ከሚለው ሥር ጉማሬ አድሮ ፋንድያውን ጥሏል።
በ«እህል» መስኮት በኩል ሾላ ገብቶ በቅሎ፣
ክረምቱን ጠጥቶ፣ በጣራው ወጥቷል።
ሐይቁም ተጠግቷል።
ከግድግዳው ጋር ደግሞ፣ ልክ እዚያው ቦታ ላይ፣
ታንኳ ተደግፎ ቆሟል፣ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ፣ እንዲደርቅ በፀሐይ።

ጋሽ ይታይህ መጡ፤ ዘበኛው። ደሞዛቸው መች እንደ ቆመ
እሳቸውም ረስተውታል።
«የኔው ነው፣ አንሱት» አሉ።
አነሳነው፣ ሦስታችን። እርጥብ ደንገል ሸተተን።
ከኋላውም፦

ጭረቱ አንድ አይደለም።
አንዱ ክንድ ተኩል፣ አንዱ ሁለት ከጣት፣
እላይ በላይ፣ ስም የሌለበት፣
ስንት አባት በስንት ሚስማር
ስንት ልጅ ያቆመበት።
አንሙት ክንዱን ዘረጋ፤ ለካ፤ ጋቱን ጨመረ።
ሦስቱ ጭረት ላይ ዋለለ።
«የማን ክንድ ነው ግን?» አለ፣ «የኔ ረጅም ነው» አለ።

ካሜራውን ከብረቱ ፈታን፤ ተንበረከክን፤
በልጅ ቁመት ያዝነው።
ፀሐይ በሐይቁ ላይ ወጣች፣ እንደዚያን ጊዜው አምራ።
ጀርባ ሰጠናት።
አንድ በአንድ አነሳን፣ ሳንመርጥ፣ ሳናሳምር፣
ሦስቱን ደግሞ ደጋግመን፣ ለዚነት፤
ከለየችው።

ስንወጣ ጋሽ ይታይህ ደብተር ገለጡ፣
በገዛ እጃቸው ያሰመሩት፣ የተማሪ ደብተር።
«ስም? ከየት? ወዴት?»
ወደ ኋላ ስድስት ዓመት ቆጠሩ፤ ስማችን አለ፣
አንዴ «መጡ» ከሚለው ሥር፣ አንዴ «ሄዱ» ከሚለው።
«ተመልሶ ለመጣ ቦታ አልተውኩም» አሉ።
«መጥቶም አያውቅ።»
እስክሪብቷቸውን ላሱ፤ ጥቂት አሰቡ፤
ከመስመሩ ውጭ፣ ጠርዙ ላይ፣
አጥብበው ጻፉን።